መታሸት ብቻ ወይስ ስፖርት ብቻ? ስለ ቆየ ህመም ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሥር የሰደደ ወይም የቆየ ህመም የሚባለው ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ወይም ከ3 ወር በላይ እየተመላለሰ የሚነሳ ህመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ብቻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ህመም ነበረባቸው። አንገት፣ ትከሻና ጉልበት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ሥራዬ ማሸትና እንቅስቃሴን እንደገና ማስተማር ነው። ወደ እኔ የሚመጡትን ሰዎች ከህመሙ እኩል የሚያሰቃያቸው ስለ ህመሙ ከዚህም ከዚያም የሰሙት ነገር ሆኖ ሳገኘው ያሳዝነኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

"ካመመኝማ የተበላሸ ነገር አለ"

ለአዲስ ጉዳት ይህ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ያብጣል፣ ያማል፤ ሲሽር ህመሙም አብሮ ይሄዳል። ለወራትና ለዓመታት የቆየ ህመም ግን እንዲህ አይደለም። የተጎዳ ጡንቻ ወይም ጅማት በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠግጋል። ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ሳይመለስ የሚቀረው ከልክ በላይ የጨመረው የነርቮች ንቃት ነው። ነርቮቹና አንጎል ያንን ቦታ ሲጠብቁ ስለቆዩ፣ ድሮ የማያሳምም ጎንበስ ማለት ወይም ቀላል ንክኪ አሁን እንደ አደጋ ይቆጠራል።

የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል) ውጤት እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ ምንም የጀርባ ህመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል መርምሮ ነበር። የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ የ80 ዓመት አረጋውያን 96 በመቶ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ያረጀ ሆኖ ይታያል። ወጣ ያለ ዲስክም በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ምንም አላመማቸውም። "ዲስክህ ወጥቷል" የሚለውን ቃል ሰምተው ልጃቸውን ማንሳት የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ምስሉ የሚያሳየው ግን የህመሙን ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ይህን ስናገር "እና ህመሜ የሐሳብ ነው ማለትህ ነው?" የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ህመሙ እውነተኛ ነው፤ የሚሰማው ሰውም አያጋንንም። እኔ የምለው፣ የለመደ ነርቭ ሌላ ልማድም ሊማር ይችላል ነው።

"እስኪያስለቅስ ካልታሹ አልታሹም"

ጠንካራ እጅ ቋጠሮውን ይፈታል፣ የተጣበቀውን ያላቅቃል ይባላል። በ2008 የታተመ አንድ ስሌት ግን በጭን ውጫዊ ጎንና በእግር መርገጫ ሥር ያለውን ወፍራም ሽፋን 1 በመቶ እንኳ ለመጭመቅ ከተለመደው የሰውነት አቅም እጅግ የሚያልፍ ኃይል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ስለዚህ ከእጄ ሥር "ለቀቀ" ብዬ የሚሰማኝ ነገር ሥጋው ቅርጹን ስለቀየረ አይደለም። ጡንቻውን ወጥሮ የያዘው ትእዛዝ ስለላላ ነው።

ንክኪ የሚሠራው በነርቭ በኩል ነው። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ከቆዳና ከጡንቻ የሚመጣ የንክኪ መልእክት በአከርካሪ ውስጥ የህመሙን መልእክት ሊያደበዝዝ ይችላል። የተጋጨብንን ክርን ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው። አንጎልም ሰውየው ደህንነት ሲሰማው ከላይ ወደ ታች ህመምን የሚቀንስ መልእክት ይልካል። እጅ ከልክ በላይ ሲበረታ ታካሚው ትንፋሹን ይይዛል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ጡንቻውም ይበልጥ ይጠብቃል። ጠንከር ያለ እጅ የሚወድ ሰው ካለ ችግር የለውም፤ መለኪያው ግን ረጅም ትንፋሽ እያወጣ መቆየት መቻሉ ነው።

ማሸት "መርዝ ያወጣል" የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ከሰውነት ቆሻሻ የማስወጣት ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ የሚፈጠረው ላክቲክ አሲድም ቢሆን ከስፖርት በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ይጸዳል።

"ማሸት ጊዜያዊ ነው፤ ዋናው ስፖርት ነው"፣ ወይም በተቃራኒው

ሰው ሁለት ጎራ ይዞ የሚከራከርበት ቦታ ይህ ነው፤ እኔም ብዙ ልቆይበት። መታሸት የሚሰጠው እፎይታ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት እንደሚቆይ የታሸ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ "ጊዜያዊ ነው" የሚለው ሐሰት አይደለም። ስህተቱ ያንን ጊዜ ሳይጠቀሙበት ማሳለፉ ነው። ህመሙ በቀለለባቸው ሰዓታት ሰውየው ወደ ቤቱ ሄዶ እንደ ድሮው ወገቡን አድርቆ ከተነሳና ከተቀመጠ፣ ነርቮቹ ምንም አዲስ ነገር አልተማሩም። በሌላ በኩል ህመሙ በበረታበት ሰዓት የእንቅስቃሴ ዝርዝር ተሰጥቶት የተላከ ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ፍርሃቱን ስላረጋገጠለት ነው።

በ2008 የታተመ፣ በእንግሊዝ የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸው 579 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። የተወሰኑት ማሳጅ አገኙ፤ ሌሎች የአሌክሳንደር ትምህርት የሚባለውን ወሰዱ። በዚህ ትምህርት መምህሩ እጁን በአንገትና በጀርባ ላይ በቀስታ አድርጎ፣ ተማሪው ሲቀመጥ፣ ሲነሳና ሲራመድ የሚያበዛውን ውጥረት እንዲያስተውልና እንዲተው ያግዘዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ባለፉት 4 ሳምንታት ውስጥ 21 ቀን ያህል አሟቸው ነበር። ማሳጅ ያገኙት 14፣ 6 ትምህርት የወሰዱት 11፣ 24 ትምህርት የወሰዱት 3 ቀን ብቻ። 6 ትምህርት ከእንቅስቃሴ ትእዛዝ ጋር ሲጣመር ደግሞ ከ24ቱ ትምህርት ጥቅም ብዙውን አስገኝቷል። አንድ ሙከራ ሁሉንም ነገር አይዘጋም። ቢሆንም እጅና ትምህርት በአንድ ላይ ሲሆኑ የሚያመጡት ልዩነት በየቀኑ ከማየው ጋር ይገጥማል።

ነገሩ በተግባር እንዲህ ነው። ትከሻው ለዓመት ያመመው ሰው ይመጣል እንበል። መጀመሪያ ከፍ ካለ መደርደሪያ ዕቃ እንዲያወርድ እጠይቀዋለሁ። ክንዱ ገና ሳይነሳ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹም ይቆማል። ጋደም ካለ በኋላ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አንገቱን፣ የትከሻውን አጥንት ዙሪያና የጎድን አጥንቶቹን እሠራለሁ። ትንፋሹ ሲረዝም እጄን ሳላነሳ ክንዱን እኔ አንቀሳቅሳለሁ፤ ቀጥሎ አብረን፤ ቀጥሎ እሱ ብቻውን። በመጨረሻ ተነስቶ ያንኑ ዕቃ ያወርዳል። እዚህ ሳንደርስ ቀጠሮው አላለቀም። ቤቱ የሚወስደውም አንድ ወይም ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ።

"ወገቤ ደካማ ስለሆነ ሆዴን አጥብቄ መያዝ አለብኝ"

የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጎንበስ ሲሉ ጡንቻቸው የሚያስቸግረው ሥራ በመብዛቱ እንጂ በማነሱ አይደለም። ጫማቸውን ለማሰር ልክ ኩንታል እንደሚያነሱ ሰውነታቸውን ያጠነክራሉ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው "ሆድህን አጥብቅ" ማለት በጭንቀቱ ላይ ጭንቀት መጨመር ነው። መጠንከር ጥሩ ነው፣ ጊዜውም ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን መልቀቅን መማር አለበት። የሆድና የወገብ ልዩ ስፖርት ከሌሎች እንቅስቃሴዎች በረጅም ጊዜ የተሻለ ውጤት እንዳለውም አልታየም፤ ስለዚህ ሰውየው የሚወደውንና የሚቀጥልበትን መምረጥ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው "ቀጥ ብለህ ተቀመጥ" የሚለው ምክር ነው። አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ የለም። ቀጥ ብሎም ሆነ ተጣሞ ለሁለት ሰዓት መድረቅ ያደክማል።

የወገብ ቀበቶን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል። ያው መመሪያ እንቅስቃሴን፣ ትምህርትንና ማሳጅን ከሚመክራቸው መካከል አስቀምጧል።

"ካመመህ አቁም" እና "ችለህ ግፋ"

ሁለቱም ያሳስታሉ። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው፦ ህመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ እስከ 3 ወይም 4 የሚደርስ ሆኖ በልምምድ ጊዜ ቢሰማ፣ በማግስቱም ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ መጠኑ ልክ ነበር። በማግስቱ ከባሰበት ምንም አልተሰበረም፤ በሚቀጥለው መጠኑን መቀነስ ነው። መተው ግን አይገባም።

"ማንኛውም ህመም በእጅ ይታከማል"

ይህን ስህተት ከሁሉም አብልጬ እፈራዋለሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሩ እየሰነፈ የሄደ ሰው ወደ ማሳጅ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ህመም ሲኖር ቀድሞ ሐኪም ይመልከተው። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ፣ ሞቆ የሚያም ከሆነ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም አይታሽ።

"አንዴ ከጀመርኩ ዕድሜ ልኬን መመላለሴ ነው"

በ2023 የታተመ በአውስትራሊያ የተካሄደ ሙከራ የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸውን 492 ሰዎች አሳትፏል። በ12 ሳምንት ውስጥ እስከ 7 ቀጠሮ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ አንድ ማጠናከሪያ ያገኙት ከዓመት በኋላም ጥቅሙ አብሯቸው ነበር። ያ ሕክምና በአብዛኛው በንግግርና የሚፈሩትን እንቅስቃሴ እንደገና በመሞከር ላይ የቆመ ነው። እኔም መጀመሪያ በሳምንት፣ ቀጥሎ በ15 ቀን፣ ከዚያ በወር አንዴ አደርገዋለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች እጄን እምብዛም አልጠቀምበትም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር እያየሁ፣ እየተነፈሰ መሆኑን ብቻ አዳምጣለሁ።