«ልቤ ሰላም አግኝቷል» ማለት ይበቃል?

ድሬዳዋ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ እናቶችን ቀርቦ ያየ ሰው መንፈስን መለየት፣ ማለትም አንድ ሐሳብ ወይም ቃል ከእግዚአብሔር መሆን አለመሆኑን መመርመር፣ ምን እንደሚመስል በከፊል ገብቶታል። በደረቁ የተዘጋጀው የሐረርጌ ቡና ፊታቸው ይፈስሳል፤ ጣታቸው ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውንና የተሰበረውን እየነቀሰ ያወጣል። እያወጉ እንኳ ዓይናቸው አይስትም።

«መለየት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው» የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥10 መናፍስትን መለየትን ከጸጋ ስጦታዎች ጋር መቁጠሩ እውነት ነው። ነገር ግን «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» የሚለው የ1ኛ ዮሐንስ 4፥1 ቃል ለምእመናን ሁሉ የተጻፈ ነው። ዕብራውያን 5፥14 ደግሞ መልካሙንና ክፉውን የሚለይ ልቡና በልምምድ እንደሚገኝ ይናገራል። ከለቃሚዎቹ መካከል ያንን ዓይን ይዛ የተወለደች የለችም።

«ልቤ ሰላም ካገኘ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።» ይህን ዘወትር እሰማለሁ፤ ብዙ ሰው ሲጎዳበትም አይቻለሁ። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየሸሸ በመርከቡ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታችን ግን በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ሲቀበል ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። ሰላም መስሎ የሚሰማን ነገር ከከባድ ግዴታ ያመለጥንበት እፎይታ ሊሆን ይችላል።

«ትንቢት ተናጋሪው የተናገረው ነገር እውነት ከሆነ ከእግዚአብሔር የተላከ ነው» የሚሉም አሉ። አንዲት የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ከማታውቀው ሰው ስልክ ተደወለላት። ስሟንና የልጇን ሕመም ነገራት፤ ቀጥሎም ዛሬ ማታ ገንዘብ እንድትልክ፣ ለማንም እንዳትናገር አዘዛት። እያለቀሰች ወደ ቤቴ ስትመጣ የሐዋርያት ሥራ 16ን ገልጠን አብረን አነበብን። በፊልጵስዩስ የነበረችው ልጅ ስለ ጳውሎስና ስለ ሲላስ የጮኸችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ጳውሎስ ግን የጥንቆላውን መንፈስ ከእርሷ አወጣ። ጌቶቿም በጥንቆላዋ ብዙ ትርፍ ያገኙ ነበር። ጎረቤቴ ይህ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን ገጹ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ለእኔ ከትንቢቱ ይልቅ ጥድፊያውና ምስጢር መደረጉ ይበልጥ ያስፈራኛል። ለንስሐ አባት ወይም ለበሰለ ወንድም እንዳይነገር የሚከለከል ነገር ብርሃንን የሸሸበት ምክንያት አለው።

«መመርመር አለማመን ነው» ለሚሉ፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ትንቢትን አትናቁ ባለበት አፍ ሁሉን ፈትኑ ይላል።

መለየትን ለትዳርና ለሥራ ምርጫ ብቻ የምናቆየውም እንሳሳታለን። እኔ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ግቢ ተቀምጬ የዋልኩበትን ቀን እለቅማለሁ። ትናንት የአንዲት እህትን ችግር «እንድትጸልዩላት ብዬ ነው» እያልኩ ለሦስት ሰው አውርቼ ነበር። መሽቶ ሳስበው ከሦስቱ ከአንዱም ጋር አልጸለይንም። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።