የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ምንድን ነው?

የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ማለት፣ ሙዚቃን አስቀድሞ የተማረ ሰው የኖታ እትሞችን፣ የድምፅ ቀረጻዎችን፣ የእጅ ጽሑፎችንና ስለ ሙዚቃ የተጻፉ መጻሕፍትን መርጦ ማሰባሰብን፣ መመደብን፣ ከጥፋት መጠበቅንና ለፈላጊው ማድረስን የሚማርበት የማስተርስ ደረጃ ሥልጠና ነው። ራሱን የቻለ ዲግሪ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ውስጥ እንደ አንድ የትኩረት መስክ፣ ወይም ከሙዚቃ ጥናት ማስተርስ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ከሩቅ ለሚያየው በተለመደው የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ላይ ጥቂት የሙዚቃ ኮርሶች የተጨመሩበት ሊመስለው ይችላል። የትምህርቱ እምብርት ግን አንድን የሙዚቃ ድርሰት፣ ከታተመባቸው፣ ከተቀናበረባቸውና ከተቀረጸባቸው ብዙ መልኮች ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህም ሙዚቃውን ራሱን ለማያውቅ ሰው የሚቻል አይደለም።

የሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን የጻፈውንና ዛሬ «የጨረቃ ብርሃን» እየተባለ የሚጠራውን የፒያኖ ሶናታ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1802 ሲታተም ይህ ስም አልነበረውም፤ ስሙ የወጣለት ደራሲው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱ እትም በሽፋኑ ላይ የጨረቃውን ስም በጀርመንኛ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ያትማል፤ ሦስተኛው «ሶናታ ቁጥር 14» ብቻ ይላል፤ አራተኛው «ኦፐስ 27 ቁጥር 2» ብሎ ያልፋል (ኦፐስ ማለት ለደራሲው ሥራዎች ሲታተሙ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)፤ አምስተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነጥሎ ከሌሎች አጫጭር ሥራዎች ጋር በአንድ ጥራዝ ያስገባዋል። የካታሎግ ባለሙያው በሽፋኑ ላይ ያየውን ብቻ ቢመዘግብ አንዱ ድርሰት አምስት ቦታ ተበታትኖ ይቀራል፤ ፈላጊውም በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካሉት አምስቱ እትሞች አንዱን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ተማሪው የሚማረው መፍትሔ ለድርሰቱ አንድ ቋሚ ርእስ መስጠትን ነው፦ የደራሲው ስም ይቀድማል፤ ከዚያ የድርሰቱ ዓይነት፣ የሚጫወትበት መሣሪያ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የኦፐስ ቁጥሩና ቁልፉ፣ ማለትም ድርሰቱ የተመሠረተበት የድምፅ መነሻና ስልት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ይጻፋሉ። በዚህ መሠረት ይህ ሥራ በማናቸውም ቋንቋ ቢታተም «ሶናታዎች፣ ፒያኖ፣ ቁጥር 14፣ ኦፐስ 27 ቁጥር 2፣ ሲ ሻርፕ ማይነር» በሚል ርእስ ሥር ይሰበሰባል፤ «የጨረቃ ብርሃን» የሚለውም ስም ወደዚሁ የሚመራ መጠቆሚያ ይሆናል።

ቁጥሮችም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይታመኑም። እ.ኤ.አ. በ1893 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደመጠው የቼኩ ደራሲ የድቮርዣክ «አዲስ ዓለም» ሲምፎኒ ለብዙ ዓመታት ቁጥር 5 ተብሎ ይታተም ነበር፤ ዛሬ ቁጥር 9 ነው። ምክንያቱም በደራሲው ሕይወት ዘመን የታተሙት ሲምፎኒዎች አምስት ብቻ ስለነበሩና ያልታተሙት አራቱ ቀደምት ሥራዎች ኋላ ላይ ስለተቆጠሩ ነው። ዛሬ ቁጥር 5 የሚባለው ደግሞ በፊት ቁጥር 3 ይባል የነበረው ነው። አሮጌ እትም ይዞ የመጣን አንባቢ ይህን የማያውቅ ባለሙያ በቅንነት ሊያሳስተው ይችላል። ተማሪዎች የአንድን ደራሲ ሥራዎች ከነመነሻ ኖታቸው የሚዘረዝሩትን ካታሎጎች አጠቃቀም ተግተው የሚያጠኑት ለዚህ ነው፤ የሞዛርትን ሥራዎች ለመለየት ኬሽል እ.ኤ.አ. በ1862፣ የባኅን ለመለየት ሽሚደር በ1950 ያሳተሟቸው ዛሬም የዕለት ተዕለት መሣሪያዎች ናቸው።

በአገልግሎት መስጫው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራም ከዚሁ ዕውቀት ይመነጫል። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች «ኮንሰርቶውን» (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ድርሰት) «ስጡኝ» ሲል፣ ባለሙያው ሙሉ ኦርኬስትራው በአንድ ገጽ የሚታይበትን ስኮር፣ ለጥናት የታተመውን ትንሹን ስኮር፣ የኦርኬስትራው ድርሻ ለፒያኖ ተጠቃልሎ የተጻፈበትን እትም፣ ወይስ ለየመሣሪያው ተለይቶ የተጻፈውን ኖታ እንደሚፈልግ መጠየቅ አለበት። ትንሹ ስኮር ለማንበብ እንጂ ከፊት አስቀምጦ ለመጫወት አይመችም። ዘፋኝ ከሆነ ደግሞ የድምፁ ዓይነትና የሚፈልገው ቁልፍ ይጠየቃል። መልሶ የመጠየቅ ጥበብ በመማሪያ ክፍል ይጀመራል እንጂ በዚያ አያልቅም፤ ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራሞች ተማሪውን በሚሠራ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተግባር ልምምድ ያስደርጉታል። በእኔ እምነት ከኮርሶቹ ዝርዝር ይልቅ ፕሮግራሙን የሚመዝነው ይህ ልምምድ ነው።

የቀሩት ኮርሶች በመጠኑ ከማናቸውም የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ጋር ይመሳሰላሉ። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ኖታን በኤም (M)፣ ስለ ሙዚቃ የተጻፈውን በኤምኤል (ML)፣ የማስተማሪያ ጽሑፎችን በኤምቲ (MT) ፊደላት እንደሚለይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአገሩ ያሉ የሙዚቃ ምንጮችን የሚመዘግበው ሪዝም (RISM) የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ እንዴት እንደሚፈተሽ ይጠናል። የቅጂ መብት ግን ሰፊ ጊዜ ይገባዋል፤ በአንድ ዲስክ ላይ የደራሲው፣ የተጫዋቹና የቀረጻው አዘጋጅ መብቶች ለየብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ደራሲው ካለፈ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ቢቃረብም ቀረጻው ገና በሕግ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። የድምፅ ቅርሶች እንክብካቤም እንዲሁ የራሱ ጥንቃቄ አለው። አሴቴት ከተባለው ነገር የተሠራ የድሮ ቴፕ መበላሸት ሲጀምር የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ሽታውን የለየ ባለሙያ ቴፑን ከሌሎቹ አርቆ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲጂታል እንዲገለበጥ ያደርጋል።

ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው በአብዛኛው በሙዚቃ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ኖታ ያለ ችግር የሚያነብና የሙዚቃ ታሪክን የሚያውቅ ነው። ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ቢያንስ የርእስ ገጽን ለመረዳት በሚያስችል ደረጃ ቢታወቁ እጅግ ይጠቅማሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ የዘርፉ ዋና ዋና ማጣቀሻዎች ብዙዎቹ የተጻፉበትን ጀርመንኛን አስቀድማለሁ።

በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ለባለሙያነት መደብ መሠረቱ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ዕውቅና የሰጠው ማስተርስ ሲሆን፣ ትምህርቱ ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ሌላ በሙዚቃም ማስተርስ ያለውን አመልካች ይመርጣሉ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት በሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሙያ ልዩ ትኩረት በመስጠታቸው የታወቁ ናቸው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም ዲግሪ የሚጠይቁት እምብዛም ነው። የኦርኬስትራ ቤተ መጻሕፍት መንገድ ደግሞ ለብቻው ነው፤ በዚያ የሚሠሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ተጫዋቾች የነበሩ ሲሆኑ፣ ኖታ መከራየትን፣ የቀስት አቅጣጫ ምልክቶችን በቫዮሊንና በመሰል መሣሪያዎች ተጫዋቾች ኖታ ላይ ማስፈርንና ለልምምድ ሁሉንም በሰዓቱ ማድረስን በአብዛኛው የተማሩት በሥራው ላይ ነው።

ትምህርት ቤት የሚመርጥ ሰው ከማመልከቱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ የሙዚቃ ካታሎግ ኮርሱ በየዓመቱ ይሰጣል ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ የሰፈረ ነው፤ ልምምዱ የሚደረግበት የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ኖታና ቀረጻ በብዛት የያዘ ነው ወይ፤ ኮርሱን የሚያስተምረውስ ሰው ይህን ሥራ አሁንም በእጁ ይሠራል ወይ።