ፋይልን በሶኬት መላክ፦ አቋራጩ መንገድ በየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ

ሰርቨር ቪዲዮ ሲልክ ይዘቱን ማየት አያስፈልገውም። ከዲስክ አንስቶ በሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ጋር በሚገናኝበት በር፣ ለኔትወርክ ማቀበል ነው ሥራው። የተለመደው አሠራር ግን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ፕሮግራሙ «አንብብ» ሲል ዳታው ከዲስክ ወደ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሜሞሪ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይገለበጣል። «ጻፍ» ሲል ተመልሶ ወደ ከርነሉ ይገለበጥና ወደ ኔትወርክ ካርዱ ያልፋል። አንዱ ዳታ 4 ጊዜ ተቀዳ ማለት ነው። ሁለቱን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሸከማቸዋል፣ በከንቱ።

አቋራጩ ከርነሉን «ይህን ፋይል በዚህ ሶኬት ላክልኝ» ብሎ ገለል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ጥሪው ትራንስሚትፋይል ይባላል። ሊኑክስ፣ ፍሪቢኤስዲና ማክ ደግሞ ሴንድፋይል ይሉታል።

ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ኮዱን ገልብጦ መለጠፍ ግን አያዋጣም። ሊኑክስ ሶኬቱን ያስቀድማል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ፋይሉን። ሊኑክስ 4 ነገር ይጠይቃል፣ ማክ 6፣ ፍሪቢኤስዲ 7። ዋናው ጣጣ ያለው ግን መልሱ ላይ ነው። ሊኑክስ ስንት ባይት እንደላከ በቀጥታ ይመልሳል። ፍሪቢኤስዲና ማክ ቁጥሩን ለብቻው በሰጣችሁት ቦታ ይጽፉታል። የማይጠብቅ (ዳታው እስኪሄድ ፕሮግራሙን የማያስቆም) ሶኬት ላይ «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ» የሚል ስህተት ቢመልሱም የተወሰነ ባይት ልከው ሊሆን ይችላል። ያንን ቁጥር ሳያይ ከመጀመሪያው የሚደግም ፕሮግራም ያንኑ ዳታ ሁለቴ ይልካል። ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው የተበላሸ ፋይል ነው፤ መንስኤውን መፈለግ ደግሞ ራስ ያዞራል።

ጣሪያም አለ። ሊኑክስ በአንድ ጥሪ ከ2,147,479,552 ባይት በላይ አይልክም፣ ዊንዶውስም እዚያው አካባቢ ይቆማል። ለግል ኮምፒውተር የሚሸጠው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ 2 ትራንስሚትፋይል ብቻ ያስኬዳል፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በላፕቶፕ የተለካ ፍጥነት ስለ ሰርቨሩ ብዙ አይናገርም።

ምስጠራ ሲመጣ አቋራጩ ይዘጋል፤ ዳታውን የሚያመሰጥረው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ነውና። ሊኑክስ ከስሪት 4.13 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የቲኤልኤስን (የድረ ገጾች ግንኙነት የሚመሰጠርበትን ስልት) ምስጠራ ከርነሉ ውስጥ መሥራት ስለቻለ መንገዱ እንደገና ተከፍቷል።

ይህን ሁሉ ላለመሸከም የፈለገ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አለለት። ከ3.5 ጀምሮ ሶኬቱ የራሱ ሴንድፋይል አለው፤ ሲስተሙ ጥሪው ከሌለው ዝም ብሎ ወደ ተራው መላኪያ ይመለሳል። ዊንዶውስ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፦ ኮዱ ይሠራል፣ አቋራጩ ግን የለም።