መኪና «አይስብም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን እየተጎተተ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት በአሮጌ ቪትዝ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ከፊት ጭነት የሞላ አይሱዙ አለ፣ ለመቅደም ትወጣላችሁ፣ አልሆን ይላል፣ ተመልሳችሁ ጭሱን ትጠጣላችሁ። ሹፌሮች ይህን ነው «አይስብም» የሚሉት። ወይ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል፣ ወይ ጉልበቱ ጎማው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ጎማውን የያዘ ነገር አለ።

ከሁሉም በፊት ግን ከፍታው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባህር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲዋ የመጀመሪያዋ ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እኛ ጋ 55 እንኳ ከቀራት ጥሩ ነው። ይህን የትኛውም መካኒክ አያስተካክለውም። ስለዚህ የምታነጻጽሩት ከራሷ ጋር ይሁን፦ ባለፈው ወር በሦስተኛ ማርሽ የወጣችውን ዳገት ዛሬ ሁለተኛ ካልገባ ካለች፣ ያኔ ችግር አለ።

የኔዋ እንዲህ ስትሆን አንድ ጋራዥ «ሞተሩ ይከፈት» አለኝ። ደነገጥኩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ያለችውን ማቆየት ግድ ነው፣ ሳያስፈልግ የተከፈተ ሞተር ደግሞ እንደ ድሮው አይገጥምም። እቤት ገብቼ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን የአየር ፊልትሮ አወጣሁት። እጥፋቶቹ መሃል ያለው አቧራ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ መሬት ላይ መታ መታ ሳደርገው ብናኙ ጫማዬን አለበሰው። አስፋልት ባልገባበት ሰፈር የምትኖሩ፣ መመሪያው የሚለውን ኪሎሜትር አትጠብቁ፣ በየወሩ አውጥታችሁ እዩት። አዲስ ፊልትሮ ገዛሁና ዳገቱን በሦስተኛ ወጣች።

ከፊልትሮ ቀጥሎ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እና ቦቢና (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ናቸው። አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር መኪናዋ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ሲሰጣት ትቆራረጣለች። ይህን እያያችሁ ለወራት አትንዱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ካታሊስቱን (እዚያው ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ያግለዋል፣ ውስጡ ቀልጦ ይደፈናል፣ ከዚያ ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት ስለማይችል ይታፈናል። በርካሽ ካንዴላ የሚያልቀው ነገር እንዲህ ነው የሚወደደው።

ነዳጁ በደንብ ካልደረሰም ያው ነው። ፓምፑ ሲደክም ወይም የነዳጅ ማጣሪያው ሲደፈን ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ዳገት ላይ ብዙ ቤንዚን ስትፈልግ ግን ትለግማለች።

ሞተሩ ጮኾ ዙሩ እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለ፣ ማኑዋል ከሆነች ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውን ክላች፣ ጠርጥሩ። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ዳገት ላይ ነዳጅ ጫን በሉ፤ ዙሩ ብቻውን ከዘለለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ የሚቃጠል ነገርም ይሸታችኋል።

ፍሬን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጭቃና አቧራ የበላው ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ትንሽ ነድታችሁ ፍሬን ሳትይዙ ቀስ ብላ ራሷ ትቁም፣ ውረዱና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ እንደ ምጣድ ከፋጀ፣ የያዛችሁ እሱ ነው።