ሦስት ጊዜ የሚሠራው ኩላሊት፦ የሽንትና የመራቢያ አካላት በጽንስ ውስጥ

ሰው ሁለት ኩላሊት ይዞ ይወለዳል። ከመወለዱ በፊት ግን ሰውነቱ ኩላሊትን በሦስት ዙር ይሠራል። የመጀመሪያው ሥራ ሳይጀምር ይጠፋል፤ ሁለተኛው ጥቂት ሳምንታት አገልግሎ ይፈርሳል፤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ሦስተኛው ብቻ ነው። የሽንትና የመራቢያ አካላት አብዛኛው ክፍላቸው ኢንተርሚዲየት ሜሶደርም ከሚባል አንድ የሽል ህብረ ሕዋስ ስለሚነሳ፣ የአንዱን እድገት ከሌላው ነጥሎ መናገር አይቻልም።

እዚህ የሚጠቀሱት ሳምንታት ከፅንሰት ዕለት የተቆጠሩ ናቸው። በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ የሚጻፈው ከመጨረሻው የወር አበባ ስለሚጀምር በሁለት ሳምንት ገደማ ይበልጣል።

ፕሮኔፍሮስ የተባለው የመጀመሪያው ኩላሊት በ4ኛው ሳምንት በአንገት አካባቢ ብቅ ብሎ በዚያው ሳምንት ይከስማል። ሜሶኔፍሮስ ዝቅ ብሎ በደረትና በወገብ አካባቢ ይከተላል። በዓሣና በእንቁራሪት ዘላቂው ኩላሊት ይህ ነው፤ በሰው ግን ጥቂት ሽንት አጣርቶ ከሦስተኛው ወር አያልፍም። ያም ሆኖ ከንቱ ልፋት አልነበረም። በየጎኑ ያለው ቱቦው አብሮት አይፈርስም። ቱቦው በጀርመናዊው ካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ ስም ይጠራል፤ ቀጣዩ ታሪክ ሁሉ የሚያጠነጥነውም በእሱ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ዘላቂው ኩላሊት የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ በ5ኛው ሳምንት ከቮልፍ ቱቦ የታችኛው ጫፍ አጠገብ ትንሽ ቡቃያ ትወጣለች። ቡቃያዋን የሚጠራት አጠገቧ ያለው የሜሶደርም ሕዋስ ክምችት የሚያመነጨው ጂዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። እሷም ወደ ክምችቱ ገብታ ደጋግማ ቅርንጫፍ ታወጣለች፤ ከእሷም ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት ቱቦ፣ የኩላሊቱ ውስጠኛ ቋትና ሽንት ሰብሳቢ ቱቦዎች ይሠራሉ። ክምችቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ በሚደርሰው ምልክት ኔፍሮን ይሆናል፤ ደም የሚጣራበት ክፍል ማለት ነው። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው፦ ቡቃያዋ ካልመጣች ክምችቱ ይሞታል፣ ክምችቱ ካልጠራት ቡቃያዋ አትወጣም። ሰው በአንድ ጎኑ ያለ ኩላሊት የሚወለደው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መጠራራት ሲሰናከል ነው፤ ይህም ከ1,000 ሰው በአንዱ ገደማ ይታያል። ሁለት ቡቃያ ከወጣ ደግሞ አንዱ ኩላሊት ሁለት የሽንት ቱቦ ይኖረዋል።

አንድ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን አለው፤ ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ምርታቸው በክትትል ካርድ አቆጣጠር በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በትንሽ ኔፍሮን ሊቀር የሚችለው ለዚህ ነው።

ጽንሱ ሽንት መሥራት የሚጀምረው ከ10ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ቆሻሻውን የእንግዴ ልጁ ስለሚያስወግድለት በማህፀን ሳለ ያለ ኩላሊትም መቆየት ይችላል። ሽንቱ የሚፈለገው ለሌላ ነው፦ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ነው፤ ውሃው ካነሰ ሳንባ አያድግም። አሜሪካዊቷ ሐኪም ኤዲት ፖተር እ.ኤ.አ. በ1946 ሁለቱም ኩላሊት የሌላቸውን ሕፃናት ገጽታ ገልጻ ጽፋለች። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ለነፍሰ ጡር የሚከለከሉትም የጽንሱን ኩላሊትና የእንሽርት ውሃውን ስለሚጎዱ ነው።

ኩላሊት የሚፈጠረው ዳሌ ውስጥ ነው። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ወደ ወገብ ይወጣል፤ በመንገዱም የታችኞቹን ደም ቅዳዎች እየተወ አዲስ ይይዛል። አሮጌው ሳይከስም ቢቀር ኩላሊቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ደም ቅዳ ይኖረዋል፤ ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ የሚታይ ነገር ሲሆን ለንቅለ ተከላ ሐኪም ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ዳሌ ውስጥ ከታች ከተጣበቁ እንደ ፈረስ ጫማ ይታጠፉና የታችኛው የአንጀት ደም ቅዳ ያግዳቸዋል። ይህ ከ500 ሰው አንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎች ሳያውቁት ይኖራሉ።

ፊኛ የተለየ መነሻ አለው። ሽንትና ሰገራ መጀመሪያ ላይ የሚጋሩት ክሎአካ የሚባል ክፍል በ7ኛው ሳምንት ለሁለት ይከፈልና የፊተኛው ፊኛ ይሆናል።

በዚሁ ሳምንት ወንድና ሴት ሽል በአካል ገና አይለዩም። ሁለቱም የቮልፍ ቱቦና ዮሃነስ ሙለር የገለጸው ሌላ ቱቦ አላቸው። በዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1990 የታወቀው ኤስአርዋይ ጂን ካለ የወንድ የዘር ፍሬ ይሠራል፤ ፍሬውም ቴስቶስትሮንና የሙለርን ቱቦ የሚያጠፋ ሆርሞን ያመነጫል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ጆስት በ1940ዎቹ የወንድ ጥንቸል ጽንሶችን የዘር ፍሬ በማህፀን ሳሉ ቢያወጣ በሴት አካል አደጉ። ቴስቶስትሮን ሲኖር የቮልፍ ቱቦ የዘር ፈሳሽ ማስተላለፊያ ይሆናል። ሳይኖር ሲቀር ይከስማል፤ የሙለር ቱቦም የሚያጠፋው ሆርሞን ከሌለ የማህፀን ቱቦዎችን፣ ማህፀንንና የሴት ብልትን የላይኛ ክፍል ይሠራል።

የሽንትና የመራቢያ አካላት አመጣጥ እንዲህ የተሳሰረ ስለሆነ ሐኪም ማህፀን ሳይኖራት የተወለደች ወጣት ሲያገኝ ኩላሊቷንም በአልትራሳውንድ ያያል፤ በአንድ ጎን የዘር ቱቦ የሌለው ወንድም በዚያው ጎን ኩላሊት እንዳለው ይመረመራል።