የዚንኩ ወይስ የውሃው?

የዚንክ ዱቄት ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ሲጨመር ዚንኩ የመዳቡን ቦታ ይወስዳል። ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ቀይ ቡናማ መዳብ ከታች ይዘቅጣል፣ ቴርሞሜትሩም ሽቅብ ይላል። ጎንደር ላይ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ግራ የሚጋባው የወጣውን ሙቀት ስሌት ላይ ሲደርስ ነው፦ የማን መጠነ ቁስ ይባዛ? የዚንኩ አይደለም! ቴርሞሜትሩ የለካው የሙሙቱን ሙቀት ነው።

50 ሚሊ ሊትር ሙሙት 50 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ጁል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሙሙቱ በ10 ዲግሪ ከሞቀ 50 × 4.18 × 10 = 2090 ጁል። ሙሙቱ 0.2 ሞላር (በሊትር 0.2 ሞል) ከሆነና ዚንኩ ከበቃው በላይ ከሆነ፣ የተተካው መዳብ 0.01 ሞል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሞል 209 ኪሎ ጁል፤ ሙቀቱ ስለወጣ ምልክቱ ኔጌቲቭ።

የጠዋቱ ብርድ አያሳስብም፤ የሚቆጠረው ልዩነቱ ብቻ ነው። ትክክለኛው ዋጋ ግን 217 ገደማ ነው። የጎደለው ወደ ኩባያውና ወደ አየሩ አምልጧል፤ ብርጭቆውን ትታችሁ ክዳን ያለው የፎም ኩባያ ተጠቀሙ።