ውሃ እየፈላ እንዴት በረዶ ይሆናል?

ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን «መፍላት» የሚለው ቃል ነው። መፍላት ሲባል ትኩስ ነገር ይመስለናል። ግን ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው ከላይ የሚጫነው ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። ውሃውን ዝግ ዕቃ ውስጥ አስገብተን አየሩን በፓምፕ እየመጠጥን ግፊቱን ወደ 6 ሚሊባር (ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ) ብናወርደው ደግሞ 0 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ለመትነን ሙቀት ያስፈልጋል። እሳት ግን የለም። ስለዚህ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ከቀረው ላይ ይወስዳል፣ የቀረውም በረዶ ይሆናል። 1 ኪሎ ሲተን 7 ኪሎ ተኩል ገደማ በረዶ ይገኛል፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሌላ ጋዝ አያስፈልግም፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ውሃው ነው።

ከባዱ ነገር እንፋሎቱን ማስወገድ ነው፤ በዚያ ግፊት 1 ኪሎው ብቻ ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ በ1810 እ.ኤ.አ. እንፋሎቱን በሰልፈሪክ አሲድ አስመጥጦ በረዶ ሠርቷል። ዛሬ ይህን ሥራ ግዙፍ ኮምፕረሰሮች (እንፋሎቱን መጥጠው የሚጨምቁ ማሽኖች) ይሠሩታል፤ ዘዴው በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶችን ለማቀዝቀዝ ጭምር ውሏል።